ዱቄት ያለበት ጋቢ

ቡሬ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ፈጠም ማዶ፣
አንድ ጎጆ አለችን፣ ግማሽ ጣራዋ ተንዶ፤
የኔታ ልሳኑ፣ ዐይናቸውን አጥተው፣
ቅኔ ይዘርፋሉ ሌሊት ተነሥተው።
እኔ በትራቸው ነኝ። ጉድባ ሲመጣ
«ጉድባ ነው» እላለሁ፤ መልሳቸው ቁጣ።

በዚያ ዘመን ነበር ባይነሳኝ የመጣው፣
ከወደ ወምበርማ፣ ደበሎው የነጣው፤
አኮፋዳ ይዘን ከደጅ ደጅ ስንዞር
ውሻ ሲያሯሩጠን እሱ ቃል ሲያስር፤
እኛ ጉባኤ ቃና ሁለት ወር ስናርስ
በሁለት ሳምንቱ ደረሰ መወድስ።
የኔታ በዚያ ቀን ምንም አልመረቁ፤
ጋቢያቸው ውስጥ ገብተው ብቻቸውን ሳቁ።

ከዚያ ሄደ። ሄዶ፣ ዓመታት ከረመና
ተመልሶ መጣ በሌላ ጎዳና፤
ዚፕ ያለው መጽሐፍ ብብቱ ሥር ይዞ፣
ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ ጓዙን አጓጉዞ።
ሰባት ሰው ሰብስቦ «ወንጌላዊ» ተባለ፤
ጣራው ላይ ድንጋይ ሲወርድ መዝሙሩን ቀጠለ።
ከተማው «ጴንጤ» አለው። የኔታም አልጠሩት፤
ስሙ ከተነሣ «ያ ልጅ» ነው የሚሉት።

ግን ጾም በተፈታ ቁጥር፣ ሳይነጋ፣ ሰው ሳያይ፣
ጨው ይቀመጥልኛል ከበራፌ ድንጋይ፤
አንዴ ጋዝ፣ አንዴ ሻማ፤ አንድ ክረምት ጋቢ፤
እኔ ነኝ ተቀባይ፣ እኔው ነኝ አስገቢ።
«ከገበያ ነው» ስል ጣታቸው ይዳስሳል፤
«ይኸ ገበያህማ ዱቄት ዱቄት ይላል።»
ሌላ ቃል የለም። ለበሱት። ክረምቱም ወጣ።

እሱ ዓባይ በረሃ ሰብኮ ወባ ይዞ መጣ፤
አልጋ ላይ ሦስት ቀን፤ በአራተኛው አለፈ፤
ከሞቱም ይልቅ የቀብሩ ነገር ገዘፈ።
የሚካኤል ገበዝ መዝገብ ገልጠው አዩ፤
«ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን...» አሉና ተለዩ።
ዕድሩም ድንኳኑን አልሰጥም አለ፣
ግማሹ አለቀሰ፣ ግማሹ ማለ፤
ሬሳው ከወፍጮው ጓሮ ሁለት ቀን ዋለ።

የካቶሊኩ ቄስ፣ አባ ሐጎስ፣ የዓዲግራቱ ሰው፣
(ክሊኒክ የሚያስተዳድሩ፣ ሞተር የሚጠግኑ ራሳቸው፣
ለሁለት ነርስና ለአንድ ዘበኛ በግዕዝ ይቀድሳሉ፤
የኔታ ስናልፍ ሰምተው «ዜማው ጎደለ» ይላሉ)
መጡ በአህያ መንገድ አካፋ ተሸክመው።
«ከክሊኒኩ ጓሮ፣ ከውኃ ጉድጓዱ በላይ፣
ድንች ልተክልበት ያልኩት መሬት አለ አይደል ወይ?»
ቀሚሳቸውን ታጥቀው ራሳቸው ቆፈሩ፤
አስቸገራቸው እንጂ የባሕር ዛፉ ሥሩ።
ሰባቱ ምዕመናን ቀስ ብለው ዘመሩ።

ሲመሽ የኔታ ተነሡ። «ምራኝ» አሉኝ። «ወዴት?»
«ዱቄቱ ወዳለበት።»
ጉድባው ጋ ስንደርስ «ጉድባ ነው» አልኳቸው፤
ያን ማታ ቁጣ የለም፤ እጄን ያዘ እጃቸው።
የክሊኒኩ አጥር በሩ ክፍት ነበር።
«ይግቡ» አሉ አባ ሐጎስ። «አይ፣ እዚሁ ልቁም ከበር፤
እኔ የታቦት ሰው ነኝ፣ ሥርዓቴን አልጥስም፤
ከአጥር ውጭ ለመቆም ግን ፈቃድ አልጠይቅም።»
በበትራቸው ጫፍ የአጥሩን እንጨት ነክተው
ቆዩ። ብርድ ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ብዙ ልጅ አስተማርኩ፤ ሁሉም ክንፍ አውጥቶ በረረ፤
እግዜር ከሰጠኝ ሁሉ፣ የምወደው ባይነሳኝ ነበረ።»

«ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ አባ ሐጎስ በኋላ፤
«ስም ጠሩ» አልኳቸው። አልጨመርኩም ሌላ።

በማግስቱ ሌሊት አንድ ትንሽ ተማሪ
ቤት ሲሰብር ሰምተው «ተው አንተ ጀማሪ!»
ድምፃቸው የዱሮው። እኔም ከጀርባቸው
ጋቢውን ላራግፍ ቀረብ ስላቸው
«ተው» አሉኝ።
ተውኩት። እንደነጣ አለ ትከሻቸው።